የንስሐ ወንድሞችና እኅቶች
የወንጌል ኑሮ በ13ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ከተሞች

ስለ አሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የነበረው ሰው የአባቱን ሀብት ንቆ ስለ መመነኑ ነው። ነገር ግን ስብከቱን ከሰሙት ሰዎች ብዙዎቹ ባለትዳሮች፣ ልጆች የሚያሳድጉና ለከተማቸው ግብር የሚገብሩ ስለ ነበሩ ሁሉን ትተው ሊመንኑ አልቻሉም። ስለዚህ ወንጌልን በገበያና በጓዳ መኖር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የጸናባቸው እነዚሁ ምእመናን ናቸው።

የሚጠሩትም «የንስሐ ወንድሞችና እኅቶች» ተብለው ነበር። በየቤታቸው ሆነው የንስሐ ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ከፍራንቸስኮስ በፊትም ቢኖሩ፣ የእርሱ ስብከት ቁጥራቸውን እጅግ አበዛው። በ1221 ዓ. ም. መተዳደሪያ ደንብ ወጣላቸው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። የደንቡን ጥንታዊ ቅጂ ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ሳባትዬ በካፔስትራኖ አግኝቶ በ1901 ዓ. ም. አሳተመው።

ደንቡ ስለ ረቂቅ ነገር ብዙ አይናገርም። የሚያዝዘው ቀለም ያልገባበት፣ ዋጋውም በክንድ ከ6 የራቬና ሶልዶ ያልበለጠ ጨርቅ እንዲለብሱ ነው። በየወሩ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው እያንዳንዱ 1 ዲናር ያዋጣል፤ ገንዘብ ያዡም ለታመሙትና ለተቸገሩት ያካፍለዋል። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው በግፍ የያዘውን የሌላ ሰው ገንዘብ ይመልሳል፣ ከተጣላው ጋር ይታረቃል፤ ከገባም በኋላ በ3 ወር ውስጥ ይናዘዛል፣ ይኸውም ለወራሾቹ ጠብ እንዳያወርስ ነው። ባል ያላት ሴት የምትገባው ባልዋ ሲፈቅድ ነው። እንግዲህ ወንጌል ወደ ቤት የገባው በልብሱ ዋጋ፣ በመዋጮውና በኑዛዜው በኩል ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የከበዱት ግን ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንደኛው በማንም ላይ የሚገድል መሣሪያ እንዳያነሡና እንዳይታጠቁ ይከለክላል። ሁለተኛው፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ምስክርነትና እነዚህን ስለ መሰለ ጉዳይ ካልሆነ በቀር፣ መሐላ እንዳይምሉ ያዝዛል። በዚያ ዘመን የኢጣልያ ከተሞች ሥልጣን የቆመው በመሐላ ነበር፤ ዜጋው የከተማውን ሹም ለመታዘዝና በጠራው ጊዜ ታጥቆ ከጎረቤት ከተማ ጋር ለመዋጋት ይምል ነበር። ስለዚህ አንድ ሸማኔ ወይም ጫማ ሰፊ አልምልም ቢል፣ ይህ የግል ትሩፋቱ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ጉዳይ ይሆን ነበር።

ጠቡም ሳይዘገይ ተነሣ። ደንቡ በወጣበት በ1221 ዓ. ም. በታኅሣሥ ወር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖርዮስ 3ኛ ለሪሚኒ ጳጳስ ደብዳቤ ጽፈው፣ የፋኤንዛ ሹማምንት የጦር መሐላ እንዲምሉ ያስጨነቋቸውን ንስሐውያን እንዲጠብቋቸው አዘዙ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ጎርጎርዮስ 9ኛም እንዲሁ ጠበቁላቸው። ከተሞቹም ያለ ምክንያት አልተቆጡም፤ የሠራዊታቸው ቁጥር ሲጎድል የሚዘምተውና የሚሞተው ሌላው ዜጋ ነበርና።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህ ማኅበር የኤውሮጳን የመሳፍንት ሥርዓት አፈረሰ ይላሉ። ይህ ግን ነገሩን ማግነን ነው፤ ከላይ የተነገረው ክርክር የተነሣው ከመሳፍንት ጋር ሳይሆን ከከተሞች ሹማምንት ጋር ነበር። ደግሞም አንቀጹ እንደ ጸና አልቆየም። ከፍራንቸስኮስ ማኅበር ወጥተው የመጀመሪያው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆኑት ኒቆላዎስ 4ኛ በ1289 ዓ. ም. ደንቡን ሲያጸድቁ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሃይማኖትና ለአገር መከላከያ መሣሪያ መያዝን ፈቀዱ። በዚህ ዓይነት ማኅበሩ ከከተሞች ጋር ሊስማማ ቻለ፤ ነገር ግን ከሌላው ሰው የሚለይበት ምልክት ደበዘዘ።

ልዮን 13ኛ በ1883 ዓ. ም. ደንቡን አቀለሉት፤ ጳውሎስ 6ኛም በ1978 ዓ. ም. አዲስ ደንብ አጸደቁ። አዲሱ ደንብ የጨርቅ ዋጋ አይወስንም፤ አባላቱ ሥራን እንደ ስጦታ እንዲቀበሉና ለፍትሕና ለሰላም እንዲተጉ ይጠይቃል። ቃሉ ሰፍቷል፤ የሚለካበትን ነገር ግን ለእያንዳንዱ ኅሊና ትቶታል። የ1221ዱ ደንብ ከዚህ ይልቅ ጠባብ ነበር፤ ሆኖም ምእመኑ ወንጌልን መቀበሉን ጎረቤቱ በልብሱ፣ ሹሙም በመሐላው ያውቀው ነበር።