የጫጩት ሁለት እናቶች

እናት ዶሮ ጥሬ ስታገኝ ቶሎ አትውጠውም። ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለች በምንቃሯ ታነሳዋለች፣ ትጥለዋለች፣ መልሳ ታነሳዋለች። ጫጩቶቹ ከያሉበት እየተንጫጩ ይደርሳሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ይለቅመዋል፤ እሷ ወደ ሌላው መጫር ታልፋለች። የሚበላውንና የማይበላውን የሚለዩት በዚህ መንገድ ነው። ስለ ዶሮ ሲጻፍ ግን የሚቆጠረው እንቁላሉ፣ ዝርያውና ዋጋው ነው። እኔ እንደማምነው የአገራችን የዶሮ ታሪክ ዋና ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጫጩት ከተፈለፈለች በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ማን አበላት? ማንስ ጠበቃት?

ታሪኩ ከአክሱም ይቀድማል። በምሥራቅ ትግራይ፣ ከአዲግራት በስተሰሜን በጉሎ መኸዳ፣ መዝበር በተባለ የጥንት መንደር የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ዘመን የነበሩ ናቸው። የአጥንቶቹ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም ከሰሃራ በስተደቡብ ከታወቁት የዶሮ ማስረጃዎች ሁሉ ቀዳሚው ነበር። የቤት ዶሮ የዱር ዘመድ፣ ቀዩ የጫካ ዶሮ፣ ዛሬም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ይኖራል። ከዚያ ተነስታ በየጓሮው እየተቀበሏት እኛ ዘንድ ደረሰች።

በገጠር ቤት በሬው የአባወራው ነው፤ ዶሮዋ የእማወራዋ። የጨው፣ የበርበሬና የልጅ ደብተር ዋጋ የሚወጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ እማወራዋ ዶሮዎቿን እንደ ልጆቿ ለይታ ታውቃለች፦ ገብስማዋ ጥሩ አቃፊ ናት፣ አንገተ መላጣዋ እንቁላል ትሰብራለች፣ ቀይዋ ቄብ ገና ለመጣል እየዞረች ነው። ለምታቅፈው ጭድ አንጥፋ አሥር፣ አሥራ ሦስት እንቁላል ታስታቅፋለች። በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ሲወጡ ሁለተኛው እናትነት የእሷ ይሆናል። የእንጀራ ፍርፋሪ በውሃ ታርሳለች፣ በቆሎ ትከካለች፣ የእህሉን ግርድ ትበትናለች። ውሃውን የምታቀርበው በጠፍጣፋ ገል ነው፤ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ጫጩት ትሰጥማለችና። ጭልፊት ሲያንዣብብ እንቅብ ትደፋባቸዋለች።

ፍርፋሪና ጥሬ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ጫጩት አያሳድግም። ሥጋና ላባ የሚሠራው ፕሮቲን ያለው በምስጡ፣ በትሉና በአንበጣው ውስጥ ነው። ያንን ጭራ የምታወጣው እናት ዶሮ ናት። ሴትዮዋ ጥላና እህል፣ ዶሮዋ ትምህርትና ትል፤ አንዳቸው ከጎደሉ ጫጩቷ ትጎዳለች።

በዚህ ሁሉ ጥበቃም ኪሳራው ከባድ ነው። በገጠር ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 ከመቶ የሚሆኑት ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ጥናቶች ደጋግመው ገልጸዋል። ሸለምጥማጥ አለ፣ ጭልፊት አለ፤ ከሁሉ የከፋው የፈንግል በሽታ ሲገባ ቆጡን ባዶ ያስቀረዋል። እናቲቱ ደግሞ በምታሳድግበት ጊዜ አትጥልም፤ ሁለት ሦስት ወር ያለ እንቁላል ያልፋል። ለዚህ ነው ሴቶች ማቀፍ የፈለገችውን ዶሮ ወደ ጎረቤት ቤት የሚወስዷት፣ ቁልቁል የሚያንጠለጥሏት፣ ወይም ላባ ነቅለው በአፍንጫዋ ቀዳዳ የሚያሳልፉት። ማየቱ ልብ ያማል። ያቺው ሴት ግን ማታ ጫጩቶቹን ቆጥራ አንዷ ስትጎድል ኩራዝ ይዛ አጥሩን የምትዞር ናት።

እናቲቱን ከመካከል ያወጣው አስኳል ነው። ጫጩት ከመፈልፈሏ በፊት የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዷ ስለምትስበው ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ መቆየት ትችላለች። ይህ ስጦታ መጀመሪያ የሚጠቅመው እናቲቱን ነበር፤ የቀደሙት ሳይራቡ የዘገዩትን እስክትፈለፍል ታቅፋ ትቆያለች። የጥንት ግብፃውያን እንቁላል ያለ ዶሮ ማስፈልፈል ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ደግሞ አንድ የኒው ጀርሲ አስፈልፋይ የአንድ ቀን ጫጩቶችን በባቡር ወደ ቺካጎ ላከ፤ አስኳሉ የመንገድ ስንቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ እናት ዶሮ አይታ የማታውቅ ጫጩት የዓለም ልማድ ሆነች።

እኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጅማና የአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች የውጭ ዝርያዎችን አስገቡ፤ ሮድ አይላንድ ሬድና ነጩ ሌግሆርን ከእነዚያ ናቸው። ትልቁ ለውጥ ግን የቅርብ ነው። ዛሬ በማሽን የተፈለፈለች ጫጩት በአሳዳጊዎች እጅ ቆይታ «የ45 ቀን ጫጩት» ተብላ ለገበሬው ትሸጣለች። በእነዚያ 45 ቀናት እናቷ ሰው ነው። እንግሊዛዊው ዳግላስ ስፖልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1873 እንደጻፈው ጫጩት ከእንቁላል እንደወጣች ያየችውን የሚንቀሳቀስ ነገር ትከተላለች፤ የሰው እግርም ቢሆን። መብራት በሌለበት ዙሪያው በድርቆሽ የተሞላ ሳጥን የገላቸውን ሙቀት ይዞ ያሳድራቸዋል። የመጀመሪያ ቀን መኖው ወረቀት ላይ ይበተናል፤ አንዷ ስትለቅም ድምፁ ሌሎቹን ይጠራል። ካልመጡ አሳዳጊዋ በጣቷ ጥፍር ወረቀቱን ታንኳኳለች፤ እናት ዶሮ በምንቃሯ የምታደርገው ይኸው ነው። መኖውም 20 ከመቶ ያህል ፕሮቲን እንዲኖረው ይደረጋል፤ የምስጡን ቦታ የሚሸፍነው አኩሪ አተርና ፋጉሎ ነው።

ይህ ሥራ ተገቢው ክብር ተሰጥቶታል ብዬ አላምንም። ስለ ዝርያው ብዙ ይወራል፤ ሌሊት ተነስታ ጫጩቶቹ ተደራርበው እንዳይታፈኑ የምትበትነዋ ሴት ግን አትነሳም። የ45 ቀኗን ገዝታ ወደ ቤት የምትወስደዋም ሥራ ይጠብቃታል። ጭልፊት ሲመጣ ጮሃ የምታስደብቅ እናት ስላልነበረቻት ጫጩቷ ወዲያው ሜዳ ብትለቀቅ ትነጠቃለች። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቤት አቆይቶ፣ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ድምፅ እየጠሩ ማብላት ያስፈልጋል፤ ድምፁን ስትለምድ በሩ ይከፈትላታል።