ስለ ሚሺጋን ሥራ አጦች አበል

ሥራ ለጠፋበት ሰው አበል የሚሰጠው ሕግ በአሜሪካ መጀመሪያ የወጣው በዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1932 ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ በ1935 ተከተለ። በዚያ ዘመን አመልካቹ ተሰልፎ ጉዳዩን ለጸሐፊ ያስረዳ ነበር። ሰልፉ አሰልቺ እንደ ነበረ አንክድም፤ ነገር ግን የተጠራጠረ ጸሐፊ ጠይቆ መልሱን እዚያው ይሰማል።

የሚሺጋን ግዛት በ2013 ሚዳስ የተባለውን የኮምፒዩተር አሠራር ሲጀምር ይህ ተለወጠ። ኮምፒዩተሩ የሠራተኛውንና የአሠሪውን ቃል አስተያይቶ ልዩነት ያገኘ እንደ ሆነ ጥያቄ ይልክ ነበር፤ የሚልከውም ብዙ ጊዜ አመልካቹ በኢንተርኔት ወደ ከፈተው መዝገብ ነበር። በ10 ቀን መልስ ካልመጣ ሰውዬው እንዳጭበረበረ ይቈጠር ነበር፤ የተቀበለውን ከመመለሱም በላይ አራት እጥፍ መቀጫ ይጨመርበት ነበር። እንግዲህ ሥራ አግኝቶ አበሉን የተወ ሰው መዝገቡን ሊከፍት ለምን ይመለሳል? ዝምታው ግን በደሉን እንዳመነ ተቈጠረበት። የብዙዎች ደመወዝ ተያዘ፤ የግብር ተመላሻቸውም ተወሰደ።

ግዛቱ ራሱ በኋላ ሲመረምር፥ ኮምፒዩተሩ ብቻውን ከፈረደባቸው ከ22,000 በላይ ጉዳዮች 93 በመቶው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ለተበዳዮቹ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በ2022 ነው፤ አሠራሩ ከተጀመረ በዘጠነኛው ዓመት መሆኑን ልብ እንላለን።