ልጅ ያጣው የሰሃራ ጥድ

እኛ የከተማ ልጆች ጥድን የምናውቀው በሁለት ነገር ነው። አንድም በግቢ አጥርነቱ፣ አንድም በገና ዛፍነቱ። እሱም ቢሆን የፈረንጅ ጥድ የምንለው፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ነው። ጥድ ሲባል ደጋና ብርድ፣ ሲብስም ጉም ይታየናል። አንድ ሰው መጥቶ «ሰሃራ በረሃ ውስጥ ጥድ አለ» ቢለን «አይ ቀልደኛ!» ብለን እናልፈው ነበር። ግን አለ።

ቦታው ደቡብ ምሥራቅ አልጄሪያ ነው፤ ታሲሊ ናጀር የሚባል የድንጋይ አምባ። በዓመት የሚዘንብለት 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። የእነሱን የዓመት ዝናብ እኛ በአንድ የነሐሴ ሳምንት፣ ጃንጥላ ይዘን «ኧረ በቃህ!» እያልን እንጨርሰዋለን ማለት ነው። እዚያ፣ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ሥሩን ከመሬት በታች ወዳለው እርጥበት ሰድዶ የሰሃራ ጥድ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በታተመ ቆጠራ በተፈጥሮ ቦታቸው በሕይወት የተገኙት 233 ዛፎች ናቸው። ሰው ቢሆኑ ኖሮ ሦስት የከተማ አውቶቡስ ይበቃቸው ነበር (በእኛ አጫጫን ሁለት)።

መጻሕፍት ብታገላብጡ «ዛፉን ያገኘው» ተብሎ የሚነሳው ሻምበል ዱፕሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ አልጄሪያ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ ጃኔት በምትባለው የበረሃ ከተማ የነበረ መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ኤሜ ካሙ የተባለች ፈረንሳዊት የዕፅዋት ተመራማሪ ዛፉን ለሳይንስ ስትመዘግበው በሻምበሉ ስም «ኩፕሬሰስ ዱፕሬዚያና» አለችው። እኛን የከነከነን ግን «አገኘ» የሚለው ቃል ነው። የአካባቢው ቱዋሬጎች ዛፉን «ታሩት» ይሉታል። በእንጨቱ ቤት ሠርተውበታል፣ በር አበጅተውበታል። ስም ያለው ዛፍ እንዴት ሆኖ ነው እንደገና የሚገኘው? (ዓባይን «ያገኙት» ሰዎች ትዝ አሏችሁ?)

እሺ፣ ሻምበሉን እዚህ ላይ እንተወው። ለመሆኑ ጥድ በረሃ ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱ ዓለቱ ላይ ተሥሏል። ታሲሊ ናጀር እ.ኤ.አ. በ1982 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ ቦታ ነው፤ ዝነኛ ያደረጉትም የድንጋይ ላይ ሥዕሎቹ ናቸው። የከብት መንጋ አለ፣ ቀጭኔ አለ፣ ጉማሬ ሳይቀር አለ። ሰሃራ ያኔ ሣርና ሐይቅ ነበረው። ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ እየሸሸ ሄደና ዛሬ የምናውቀው በረሃ ሆነ። ጥዱ ወደ በረሃ አልሄደም፤ በረሃው ነው እሱ ወዳለበት የመጣው።

ከእነዚህ ዛፎች አንዳንዶቹ ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ይገመታል። ኢዛና አክሱም ላይ ሳይነግሥ በፊት ችግኝ የነበረ ዛፍ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ያሳስባል? ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል እኮ!» ሊል ይችላል። እኛም መጀመሪያ ያልነው እንደዚያ ነበር። ችግሩ ግን ሽማግሌዎቹ ዛፎች አጠገብ ችግኝ ማየት ብርቅ መሆኑ ነው። ከሚያፈሯቸው ዘሮች አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። በቅሎ ብቅ ያለውንም ድርቅ ያደርቀዋል፣ ፍየል ይቀጥፈዋል። ዛፉ አለ፣ ትውልዱ ግን የለም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ክርስቲያን ፒሾ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጉድ አወጡ። እንደምናውቀው ዘር ከእናትም ከአባትም ይወርሳል። የሰሃራ ጥድ ግን ከአባት ብቻ ይወለዳል! የወንዴው ብናኝ ሙሉውን የዘር ውርስ ይዞ ይመጣል፤ እናቲቱ የምታደርገው መመገብ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ብናኙን ወስደው በሌላ ዝርያ፣ በሜዲትራንያን ጥድ ላይ ሲያደርጉት ከዘሩ የሰሃራ ጥድ በቀለ። የሌላ ዝርያ ዛፍ ሞግዚት ሆነች ማለት ነው። በቁጥር 233 ብቻ ለቀረ ዝርያ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሞግዚቲቱ በሜዲትራንያን አገሮች በየመንገዱ ዳር የምትገኝ ዛፍ ናትና።

ሆኖም ዘር ማግኘትና ዛፍ ማሳደግ ይለያያሉ። የሰሃራ ጥድ በደቡብ ፈረንሳይና በሌሎችም ቦታዎች ተተክሎ አድጓል። ሥሩን እስኪሰድድ ድረስ ግን ውኃ ይፈልጋል፤ ከፍየል አፍም የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ድርቅ የሚችለው ትልቁ ዛፍ እንጂ ችግኙ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ያደጉበትን እርጥበት ዛሬ የሚተካው የሰው እጅ ነው።

ይህን ስናነብ የታሰበን የራሳችን የሐበሻ ጥድ ነው፤ ከሰሃራው ጋር በቤተሰብ ይገናኛሉ። በሰሜኑ አገራችን ጥድ በብዛት ተርፎ የምናየው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ብዙዎቻችን በ«እመጓ» ደራሲነቱ የምናውቀው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሳይንስ ሰው ነው፤ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንቷል። ጥናቱ ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ እንደሚያጣ ያሳያል። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፣ ከሥር ግን ወራሽ የለውም። ስለዚህም በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ አጥር ተሠርቷል። ለታሲሊ የሚያስፈልገው መፍትሔ እኛ ዘንድ በካብ ተጀምሯል ማለት ነው።

እንግዲህ ከአሁን በኋላ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመን ፎቶ ስንነሳ ወደ ላይ ብቻ አንይ። ጎንበስ ብለን «ልጆችህስ የታሉ?» ብለን እንጠይቀው። በየክረምቱ ለምንተክለውም ጥያቄው ያው ነው፤ በጥር ፀሐይ ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው?

ቸር ያሰንብተን።