በሩ ክፍት ሆኖ ያልወጡት



ስለ ስደት ብዙ ተጽፏል። ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሓቦች፣ በፍትሑ የታወቀውን ነጃሺን፣ በ622 የተደረገውን የመዲና ሂጅራ ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። ስለ ቀሩት ሰዎች ግን እምብዛም አንጠይቅም። አንድ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ፣ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ለምን አብሮት አልወጣም? ፈርቶ ነው? አጥቶ ነው? ወይስ ሌላ የያዘው ነገር አለ? ጥያቄውን በሐረር ታሪክ እንመርምረው፤ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ፈላና በር፣ ሐረሪዎች «አሱም በሪ» የሚሉት፣ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካሠሩት ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች የሰሜኑ ነው። ግንብ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መዘጋት ነው። ነገር ግን እነዚህ በሮች ማታ ቢዘጉም ጧት ይከፈቱ ነበር። ገበሬው እህሉን ይዞ ይገባባቸዋል፤ ነጋዴውም ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወጣባቸዋል። እንግዲህ የሐረር ሰው በከተማው የቆየው መውጫ አጥቶ አልነበረም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና በ1577 መጣ። ከተማይቱን ጦርነት፣ ረሃብና ወረርሽኝ አድክመዋት ነበር። አሚር ኑር ካረፉ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን ኢማም ሙሐመድ ጋሳ መንበራቸውን ወደ አውሳ አዛወሩ። ገዢውና ሠራዊቱ ሲሄዱ ከተማ ምን ይተርፋታል? ሆኖም ሁሉም አልተከተሉም። የቀሩት ነገ ምን እንደሚመጣ አያውቁም፤ እኛ ግን ዛሬ እናውቃለን። በ1647 ዓሊ ኢብን ዳውድ ሐረርን ራሷን የቻለች ኢማራ አደረጉ፤ ግብጾች በ1875 እስኪገቡ ድረስም ጸንታ ቆየች። የአውሳው ኢማምነት ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ከሰመ።

ታዲያ የያዛቸው ምን ነበር? መልሱን በከፊል በቋንቋቸው እናገኘዋለን። ሐረሪ ከተማውን «ጌይ» ይለዋል፤ ከተማ ማለት ነው። ራሱን «ጌይ ኡሱእ»፣ የከተማው ሰው፣ ቋንቋውንም «ጌይ ሲናን»፣ የከተማው ቋንቋ ይላል። ስሙና ቋንቋው ከቦታው ጋር እንዲህ ለተጋመደ ሕዝብ መውጣት ቤት ከመቀየር ይበልጣል። ሌላው አፎቻ ነው። ሠርግ ሲሆን የሚደግሰው፣ ሞት ሲመጣ የሚቀብረውና የሚያጽናናው ይህ ማኅበር ሰውን ከሰው ያስራል። የአፎቻ አባል የሆነ ሰው ሲሄድ የሚለቀው የራሱን ጣሪያ ብቻ ሳይሆን የሌላውን ትከሻ ጭምር ነው።

ፈተናው በዚህ አላበቃም። በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ኢማራው ወደቀ። በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደዚያው ዞረ። በ1948 የኩሉብ ንቅናቄ ሲመታ ብዙዎች ታሰሩ፣ ንብረታቸው ተያዘ፤ ብዙ ቤተሰብም ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በ1975 የደርግ አዋጆች የእርሻ መሬትንና ትርፍ ቤትን ወረሱ፤ በዚያ ዘመንም መንገዱ እስከ ሳዑዲ፣ እስከ ካናዳና እስከ አውስትራሊያ ረዘመ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። የቀረ ሁሉ መርጦ አልቀረም። የመንገድ ገንዘብ ያጣ አለ፤ የታመመች እናቱን ትቶ መሄድ ያልሆነለትም አለ። ቁርኣንም መውጫ መንገድ ያጡ ደካሞችን ከወቀሳ ለይቷቸዋል። የወጣውም ቢሆን ከዳተኛ አይደለም፤ ለሃይማኖቱና ለነፍሱ ፈርቶ የወጣ ከሶሓቦች ፈለግ አልራቀም።

መቅረትም ግን ምንዳ ያለው ሥራ ሊሆን ይችላል። በመዲና የበኒ ሰሊማ ሰዎች ቤታቸው ከመስጊዱ ስለራቀ ወደ አጠገቡ ሊዛወሩ ፈለጉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ባሉበት እንዲቆዩ፣ ወደ መስጊድ የሚራመዱት እርምጃ ሁሉ እንደሚጻፍላቸው ነገሯቸው። በዘገባው የመዲና ዳርቻዎች ባዶ እንዳይቀሩ መሻታቸውም ተጠቅሷል። ልብ በሉ! ወደ መስጊድ ለመቅረብ እንኳ ቢሆን ዳርቻው ሰው እንዲያጣ አልወደዱም።

ዩኔስኮ በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችን ጠቅሷል። መስጊድ በድንጋይ ይሠራል እንጂ በድንጋይ አይኖርም፤ ለፈጅር የሚነሳ ጎረቤት ያስፈልገዋል። የእጅ ጽሑፎቻችንም እንዲሁ ናቸው። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኪታቦችንና ዕቃዎችን ሰብስበው ሙዚየም ማቋቋም የቻሉት፣ በየቤቱ በሣጥን ያቆዩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

በ2023 ዩኔስኮ የመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ሌላው ምስክር ነው። ከረመዳን ማግስት የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ይከበራል፤ ከመሰባሰቢያዎቹም አንዱ ፈላና በር አጠገብ የሚገኘው አው ሹሉም አሕመድ ነው። ከባሕር ማዶ ብዙዎች ለበዓሉ ይመጣሉ። የሚመጡት የሚቀበላቸው ስላለ ነው። ቤት ጠርጎ፣ ቋንቋውን ለልጆቹ አስተምሮ የቆየ ሰው ባይኖር፣ የተሰደደው ወደ ማን ይመለስ ነበር?

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ «ልሂድ» ቢላችሁ በእርግማን አታስሩት። «ልቅረት» የሚለውንም ሰነፍ አትበሉት፤ የሠፈሩን መስጊድ ሶፍ የሚሞላው፣ ሽማግሌውን ቀብር የሚያደርሰው እርሱ ነውና። ውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም ገንዘብ ስትልኩ «ለምን አልወጣህም?» የሚለውን ጥያቄ አብራችሁ አትላኩ። ይልቁን ቤቱ እንዴት እንደሆነ፣ አፎቻው ማንን እንደቀበረ፣ ቁርኣን የሚቀሩት ልጆች ስንት እንደሆኑ ጠይቁት።

አላህ የሄደውን በሰላም ይመልስ፤ የቀረውንም በቦታው ያጽና። ወሏሁ አዕለም።