ነቀርሳ፦ አንድ ስም የተሸከሙ ሁለት ደዌዎች



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አንገቱ ያበጠ ሰው «ነቀርሳ ነው» ሲባል የትኛው እንደተባለ ወዲያው አይለይም። ቲቢን የሳንባ ነቀርሳ እንላለን፤ ካንሰርንም ነቀርሳ እንላለን። አንደኛው ይተላለፋል፣ ሌላው አይተላለፍም። በልጅነቴ አንዲት ጎረቤታችን «የጉሮሮ ነቀርሳ» ተብለው ዋንጫቸው ተለየባቸው። የትኛው ነቀርሳ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ከሕመሙ ይልቅ የዋንጫው መለየት እንደጎዳቸው ግን አስታውሳለሁ።

እኛ የተማርን ሰዎች ይህን ልናርም «ካንሰር አይተላለፍም» ስንል ኖርን። አባባሉ እውነት ነው፤ ሆኖም የሳይንሱን ታሪክ ግማሹን ያስቀረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1958 በካምፓላ ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ዕጢ ገልጾ አሳተመ። በ1961 ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ በመኪና ተጉዞ ዕጢው የሞቃትና የዝናባማ ቆላ እንጂ የደጋ በሽታ አለመሆኑን አስተዋለ። በዚያ ካርታ መንዝ ከክልሉ ውጭ ነው። በ1964 ለንደን ውስጥ አንቶኒ ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር ከኡጋንዳ በተላከ ናሙና ውስጥ አዲስ ቫይረስ አዩ። ዛሬም ኤፕስታይን–ባር ይባላል፤ የአቾንግ ስም ለምን እንደቀረ ሳስብ ሁልጊዜ ይከፋኛል።

ታሪኩ ወደ ጉሮሮ የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1966 ከአፍንጫ ጀርባ፣ በላይኛው ጉሮሮ ካንሰር በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ይህን ቫይረስ የሚከላከል አካል ተገኘ። በ1970 ሃራልድ ዙር ሃውዘንና ባልደረቦቹ የቫይረሱን ዲኤንኤ ከዕጢው ውስጥ አገኙ። በ1997 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቫይረሱን ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው።

ታዲያ ቫይረሱ በምራቅ የሚተላለፍ፣ ከዓለም ጎልማሶች ከ90 በመቶ በላይ የያዘው ነው። የበርኪት ካርታ አያግደውም፤ ደጋም ቆላም ለእርሱ አንድ ነው። በካንሰር የሚታመመው ግን እጅግ ጥቂት ሰው በመሆኑ ሌላ ረዳት ምክንያት መፈለግ ግድ ሆነ። በደቡብ ቻይና በጨው የደረቀ ዓሣ ተጠቀሰ። ኬንያ ውስጥ ፒተር ክሊፎርድ በደጋው ነዋሪ ጎጆ የሚታፈነውን ጢስ ጠረጠረ። ጥርጣሬው አከራካሪ ነው። ቢሆንም በኩበት ጢስ ዓይኑ እየነደደ ያደገ የመንዝ ልጅ በቀላሉ አያልፈውም፤ በእኔ እምነት ከበርኪት ካርታ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ጥያቄ ነው።

ለቶንሲልና ለምላስ ሥር ካንሰር ደግሞ ሌላ ቫይረስ፣ ሂዩማን ፓፒሎማ፣ ተጠያቂ ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት በማኅፀን በር ካንሰር ስም ቢታወቅም የሚከላከለው ይህንኑ ቫይረስ ነው።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሣው ካንሰር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ሕመም በሌለው የአንገት እብጠት ነው። የዕጢ ቲቢም እንደዚሁ ያሳብጣል፤ በአገራችንም ብዙ ነው። ናሙና ሳይወሰድ የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት ካንሰር ወራት ያልፉበታል። ዋናው ሕክምናው ጨረር ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከራቤል ለሚነሣ ሕመምተኛ የጠፋው ወር በመንገዱ ላይ ይደመራል።

ባለፈው ክረምት አንድ የግሼ ገበሬ እናቱ የላይኛው ጉሮሮ ካንሰር እንዳለባቸው በምርመራ ተረጋግጦ «ዋንጫቸውን እንለይ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። «ቫይረሱን አንተም ከልጅነትህ ጀምሮ ሳትይዘው አትቀርም፤ ዕጢው ግን ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ዋንጫውን መልስላቸው» አልሁት።