የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች እድሳት

የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች እድሳት በግጭት፣ በዝገት፣ በአያያዝ ጉድለት ወይም በመጥፎ ጥገና የተጎዱ አሮጌ ጡሩምባዎችን፣ ኮርኔቶችን፣ ትሮምቦኖችን፣ ቱባዎችንና መሰሎቻቸውን እንደገና እንዲነፉ፣ ካልሆነም ጉዳታቸው ሳይብስ እንዲቆዩ የማድረግ ሙያ ነው። የአንጥረኛን እጅ፣ የቶርኖ ሠራተኛን ልኬትና የሙዚቀኛን ጆሮ ከአንድ ሰው ይጠይቃል። ሳክስፎን ገላው ናስ ቢሆንም ድምፁ የሚፈጠረው በሸምበቆ ልሳን ስለሆነ በምደባ ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ወገን ይቆጠራል። ስርጉዱ ግን ያው ስርጉድ ነውና የሚጠገነው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብረቱና አሠራሩ

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። በመሣሪያ ሥራ በብዛት የሚገኘው ቢጫ ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ሲሆን፣ ወርቃማ የሚባለው 85 በመቶ፣ ቀዩ ደግሞ 90 በመቶ ያህል መዳብ አለው። ኒኬል ሲልቨር የሚባለው ነጭ ቅይጥ በስሙ ብር ቢጠራም ጠብታ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። የጡሩምባ ቱቦ ግድግዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ አፉን ወደ ውጭ በሚከፍተው ሰፊ ጫፍ፣ በቅርጹ ምክንያት ደወል በሚባለው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከዚያም ይሳሳል። የሙያው ጥንቃቄ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ቅጥነት ነው። የተፋቀ ብረት አይመለስም፤ እያንዳንዱ ወልውሎ ማብረቅ፣ እያንዳንዱ ሞረድ ከዚያች ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ይቀንሳል።

በጥንቱ አሠራር ደወሉ የሚጀምረው ከጠፍጣፋ ላሜራ ነው። ላሜራው በቅርጽ ተቆርጦ ይጠቀለላል፣ ጠርዝና ጠርዙ በከፍተኛ ሙቀት በሚቀልጥ ማያያዣ ይበየዳል፣ ከዚያ በብረት ቅርጽ ላይ ተደርጎ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። ስለዚህ በእጅ በተሠራ ደወል ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጭን የስፌት መስመር ይታያል። ቱቦዎቹ ሲታጠፉ እንዳይጨረመቱ ውስጣቸው በእርሳስ ወይም በዝፍት ይሞላ ነበር። ናስ በተመታና በታጠፈ ቁጥር ይጠነክራል፣ ከዚያም ይሰባበራል፤ በእሳት ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል። ጠጋኙ በዚህ ባሕርይ ይጠቀማል፣ ይፈራዋልም። አንድን ጥግ ለማቃናት ተብሎ ደወሉ በሙሉ ቢሞቅ ከዚያ በኋላ የጣት ጫና እንኳ ያጎብጠዋል።

የጉዳት ዓይነቶች

ዓይን ቶሎ የሚያየው ስርጉዱን ነው። ከባዱ ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ይጀምራል። የነፊው ትንፋሽ እርጥበት፣ ምራቅና የምግብ ቅሪት ከመንፊያው ቀጥሎ ባለው የመግቢያ ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። በጊዜ ብዛት ዚንኩ ከቅይጡ እየታጠበ ይወጣና መዳቡ ብቻ እንደ ሰፍነግ ባለ ቀዳዳማ ሁኔታ ይቀራል። ከውጭ ሲታይ በቢጫው ላይ ሐምራዊ-ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ባለሙያዎች ቀይ ብስባሽ ይሉታል። ነጠብጣቡ በውጭ ከታየ ግድግዳው አልቋል ማለት ነውና ማጽዳት አያድነውም። ወይ ስስ ላሜራ ይጣፍበታል፣ ወይ ቱቦው ይለወጣል። መዳቡ 85 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ናስ ይህን ብስባሽ የበለጠ ስለሚቋቋም ብዙ ሠሪዎች የመግቢያ ቱቦውን ከወርቃማው ወይም ከቀዩ ናስ ይሠሩታል።

ሁለተኛው ስውር ጠላት አሞኒያ ነው። በብሪታኒያ አገዛዝ ዘመን ሕንድ የነበረው ጦር የናስ የጥይት ቀለሃዎቹ ዝናብ በገባ ቁጥር እየተሰነጠቁ ያስቸግሩት ነበር። ቀለሃዎቹ የሚከማቹት በፈረስ ጋጣዎች ስለነበር ከሽንቱ የሚተነው አሞኒያ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ፣ ሲሠራ ውጥረት የቀረበትን ናስ ይሰነጥቀው ነበር። ነገሩ በእንግሊዞቹ ዘንድ የወቅት ስንጥቅ የሚል ስም ወጣለት። በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ አሮጌ ደወልም ያው ውጥረት አለበት። ከገበያ የሚገዙ አንዳንድ የናስ መወልወያ ፈሳሾች ደግሞ አሞኒያ አለባቸው። ስንጥቅ የተጠረጠረበትን መሣሪያ በእነሱ መፈተግ በሽተኛን መርዝ አጠጥቶ እንደማከም ነው።

ሦስተኛው ጉዳት ከቀደመ ጠጋኝ እጅ የሚመጣ ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ጠጋኞች ከወደቀ ጡሩምባ ይልቅ የሚማረሩት በዚህ ነው። ስታኞ መግባት በነበረበት ቦታ ጠንካራ ብየዳ፣ ብየዳ በነበረበት ቦታ ማጣበቂያ፣ በፒንሳ የተጠመዘዘ መንፊያ፣ ሳይታጠብ የቀረ የአሲድ ቅሪት። አዲሱ ጠጋኝ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የአሮጌውን ሥራ መፍታት አለበት።

የሥራው ሂደት

መጀመሪያ የሚደረገው መፍታትና ማጠብ ነው። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና፣ በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ተጣጣፊ ብሩሽ፣ በትልልቅ ወርክሾፖች ደግሞ በከፍተኛ የድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ገንዳ ያገለግላል። ናስን በሎሚ ማጽዳት የቆየ ዘዴ ነው፤ ጠጋኞችም የሎሚን አሲድ በውኃ አቅጥነው ይጠቀማሉ። ነገር ግን ደቂቃው ካለፈ አሲዱ ዚንኩን ስለሚያነሣ ገጹ እንደ መዳብ ይቀላል። እጥበቱ ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። በ2010 አንድ የሕክምና መጽሔት ለዓመታት ሲያስለው የኖረ የትሮምቦን ተጫዋች ታሪክ አውጥቶ ነበር፤ የሳንባው ሕመም ከመሣሪያው ውስጥ ከበቀሉት ሻጋታና ተሕዋስያን ጋር የተያያዘ ነበር።

የተጣበቁ ክፍሎች ትዕግሥት ይፈታተናሉ። የተቀረቀረ መንፊያ በጉልበት ቢጠመዘዝ የመግቢያ ቱቦውን ያጣምማል፣ ድጋፎቹንም ይገነጥላል። ስለዚህ ለዚሁ የተሠራ በቡሎን ቀስ እያለ የሚስብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ደርቀው የቀሩ ተንሸራታች ቱቦዎች ስር የሚሰርግ ዘይት ይደረግባቸውና ቀን ወይም ሳምንት ይቆያሉ፤ ከዚያ በጥቂቱ ሞቀው፣ በእጥፋቸው ገመድ ገብቶ በአጭር ንጥቂያ ይሳባሉ።

የስርጉድ ማቃናት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዳ አይደለም፤ የጋራዥ ባትላሜራ የቅርብ ዘመዱ ነው። ልዩነቱ መኪናው ስቱኮ ተለጥፎበት፣ ቀለም ተረጭቶ ጉድለቱ መሸፈኑ ነው። ጡሩምባ ስቱኮ አይቀበልም። ብረቱ ራሱ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፣ ያውም ከውስጥ እጅ በማይገባበት ቱቦ። ለደወሉ በቅርጹ የተሠራ ወፍራም የብረት ዘንግ በሞርሳ ይታሰርና ደወሉ ይለበስበታል። ጠጋኙ ከላይ በለሰለሰ ማሻ ብረት ወይም በተሽከርካሪ ጎማ እያሸ ስርጉዱን ከዘንጉ ጋር ያስማማል። መዶሻ ካስፈለገ ከጥሬ ቆዳ የተሠራ ነው፤ የብረት መዶሻ ናሱን በራሱና በዘንጉ መሐል ስለሚደፈጥጥ ብረቱ ይሰፋል፣ የሰፋ ብረት ደግሞ ቦታ አጥቶ ይቆለመማል።

ለታጠፉ ቱቦዎች መጠናቸው በጥቂቱ የሚበላለጥ የብረት ኳሶች አሉ። ከስርጉዱ ትንሽ የምትሰፋው ኳስ ትገባና በሌሎች ኳሶች እየተገፋች ታልፋለች፤ ቀጥሎ አንድ ቁጥር የምትበልጠዋ፣ እንዲህ እየተባለ ቱቦው ስፋቱን እስኪያገኝ። ከቅርብ አሠርት ወዲህ ኃይለኛ ማግኔት መጥቶ ነገሩን አቅልሎታል። ናስ በማግኔት አይሳብምና ከውጭ ያለው ማግኔት ውስጥ ያለችውን የብረት ኳስ በግድግዳው አሳልፎ ይጎትታታል፤ ኳሷ ስርጉዱን ከውስጥ እየተጫነች ትመላለሳለች። መሣሪያውን ሳይፈቱ መሥራት በመቻሉ ከብዙ ብየዳ ያድናል።

ድጋፎችና የቱቦ መጋጠሚያዎች የሚያያዙት በስታኞ ነው። ከ60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ የተቀየጠው የተለመደ ስታኞ ከ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀልጣል፤ የደወሉ ስፌት ግን ከ600 ዲግሪ በላይ በሚቀልጥ ማያያዣ የተሠራ ነው። ይህ ርቀት የታሰበበት ነው፤ አንዱን ለመፍታት የሚነደው እሳት ሌላውን አይነካም። ጥሩ መጋጠሚያ ጥቂት ስታኞ ይበቃዋል። ሁለቱ ክፍሎች ያለ ጉልበት መገጣጠማቸው ይቀድማል፤ ተወጥሮ የተበየደ ድጋፍ ውጥረቱን ወደ ቱቦው ያስተላልፋልና።

ቫልቮች

ቫልቭ የናስ መሣሪያን ታሪክ ለሁለት የከፈለ ፈጠራ ነው። ከእሱ በፊት ጡሩምባ በአብዛኛው የሚሰጠው የተፈጥሮ ድምፆቹን ብቻ ነበር። ጀርመናዊው ሃይንሪክ ሽቶልትስል በ1814 ሐሳቡን አቀረበ፣ በ1818 ከፍሪድሪክ ብሉመል ጋር በፕሩሲያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ የዛሬዎቹ ጡሩምባዎች የሚከተሉትን የፒስተን አሠራር ያመጣው ደግሞ በ1839 በፓሪስ ፍራንሷ ፔሪኔ ነው።

ፒስተኑ በቤቱ ውስጥ የሚንሸራተትበት ክፍተት የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ቢጠብ ይጣበቃል፣ ቢሰፋ አየር ያፈስሳል። የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው፤ ቫልቩ ሳይጫን የዚያው ቫልቭ ተንሸራታች ቱቦ ተስቦ ሲወጣ ቡሽ እንደሚነቀል ጠርሙስ ድምፅ ከሰጠ አየሩ ተይዟል፤ ዝም ካለ ፒስተኑ አርጅቷል። ያረጀ ፒስተን በኤሌክትሪክ ለበጣ ኒኬል ይጨመርበትና ከቤቱ ጋር እስኪስማማ በደቃቅ መሞረጃ ይታሻል። ይህ የሙያው ውዱ ሥራ ነው፤ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎችም ሳይጠገኑ የሚቀሩት በዋጋው ምክንያት ነው።

ርካሹ መፍትሔ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፒስተኑ ሲወርድና ሲወጣ የሚያርፍባቸው የሱፍ ንጣፎችና ቡሾች ውፍረት የፒስተኑ ቀዳዳዎች ከቱቦዎቹ ጋር በትክክል መገጣጠማቸውን ይወስናል። በደረቀ ቡሽ ወይም ብል በበላው ሱፍ ምክንያት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የተዛነፈ መሣሪያ ታፍኖ ይሰማል፤ ባለቤቱም ቫልቩ አለቀ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ገጽና ቅኝት

የኤሌክትሪክ የብር ለበጣ የፈጠራ መብት ያገኘው የበርሚንግሃሙ የኤልኪንግተን ቤት በ1840 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ኮርኔት ላይ የሚታይ እንዲህ ያለ ለበጣ በኋላ የመጣ ነው። መሣሪያን በማሽን ወልውሎ አዲስ ማስመሰል በባለቤቶች ዘንድ ተወዳጅ ቢሆንም በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ከጥገናዎች ሁሉ ጎጂው ነው። የሠሪው ስም ቅርጽ ይደበዝዛል፣ ስፌቱ ይሳሳል፣ ሰብሳቢዎች ዘንድም ዋጋው ይወርዳል። አዲስ ቫርኒሽ ድምፁን ይለውጣል አይለውጥም የሚለው ክርክር የነፊዎች የዘወትር ጨዋታ ነው፤ ለቫርኒሹ ሲባል የተፋቀው ብረት ግን አያከራክርም።

አንዳንዱ መሣሪያ ሳይበላሽ ተበላሽቷል ይባላል። ላ ድምፅን 440 ኸርዝ ያደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደረሰው በ1939 በለንደን ነው። ከዚያ በፊት ፈረንሳይ በ1859 በ435 ስትቀኝ፣ የእንግሊዝ የናስ ባንዶች ደግሞ በ452 አካባቢ እስከ 1960ዎቹ ዘልቀዋል። የሲ ቤሞል ጡሩምባ ቱቦ ወደ 148 ሳንቲ ሜትር ይረዝማልና ለከፍተኛው ቅኝት የተሠራው በ4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። ይህን ያልተረዳ ጠጋኝ ቱቦ ይቀጥላል፤ ያስረዘመው መሣሪያ ግን ሲሠራ ያልነበረበት ዕቃ ይሆናል።

ለሙዚየም ወይስ ለመንፋት

በኑርምበርግ የተሠሩ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጡሩምባዎች ብዙ መጋጠሚያቸው አልተበየደም፤ ቱቦዎቹ በሰም ተጣብቀው፣ በመካከላቸው እንጨት ገብቶ በገመድ የታሰሩ ነበሩ። በኋላ ዘመን እንደ ስብራት ቆጥሮ የበየዳቸው ሰው ደግ ሥራ የሠራ መስሎት ማስረጃውን አጠፋ። የቱታንካሙን ሁለት ጡሩምባዎች፣ አንዱ ከብር ሌላው ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩት፣ በ1939 በቢቢሲ ሬድዮ በዘመናዊ መንፊያ ተነፍተው ተሰምተዋል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚፈቅድ ሙዚየም ማግኘት ያስቸግራል። ድምፁ ከተፈለገ ቅጂ ይሠራል፤ ዋናው ተለክቶና ፎቶ ተነሥቶ በደረቅ ክፍል ይቀመጣል። ለወታደር ባንድ በብዛት የተሠራ፣ አሥር መሰሎቹ በየቦታው ያሉ ጡሩምባ ግን ተጠግኖ መነፋቱ ምንም አያጎድልበትም።

በኢትዮጵያ

ዘመናዊ የናስ መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ ሁለተኛ ለዐፄ ምኒልክ በላኩት ስጦታ እንደሆነ ይነገራል። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊስ ባንዶች ጡሩምባና ሳክስፎን የሚነፉ ወጣቶችን አፈሩ፤ ሽለላን በሳክስፎን ያሰማው ጌታቸው መኩሪያም የዚሁ ዘመን ሰው ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የሌሊት ክለቦችን ሲዘጋ፣ ኪቦርድም የነፊዎቹን ቦታ ሲወስድ ብዙ ናስ ከመድረክ ወረደ።

ከእንዲህ ያለ ዘመን የተረፈ ጡሩምባ እጁ የገባ ሰው ሳሙናውን ከማንሣቱ በፊት የሚሠራው አለው። በደወሉ ላይ የተቀረጸው የሠሪ ስም፣ በፒስተኑ ቤት ላይ የተመታው ተከታታይ ቁጥር፣ የባንዱ ወይም የክፍለ ጦሩ ምልክት ካለም እሱ፣ ተጽፎና ፎቶ ተነሥቶ ይቀመጣል። ትልልቅ ሠሪዎች በየዓመቱ የሰጡት ቁጥር ስለሚታወቅ መሣሪያው መቼና የት እንደተሠራ ብዙ ጊዜ ከዚያች አንዲት ቁጥር ይነበባል።