ያልተመለሰው የሃርዲን ግማሽ፦ ብክለት፣ የቦረና ኤላና የሞያሌ ውሃ

ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው የጋራ ሀብት ጽሑፍ ከግማሹ በላይ ተነቦ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚነበበው ስለ ግጦሽ የሚለው ነው። ለሁሉም ክፍት በሆነ መስክ ላይ አንድ ከብት የሚጨምር አርቢ ጥቅሙን ብቻውን ይወስዳል፣ ጉዳቱን ግን ለሁሉም ያካፍላል፤ ስለዚህ መስኩ ይጠፋል። የክርክሩ ሌላው ግማሽ ስለ ብክለት ነው፤ እዚያ ሃርዲን ነገሩን ይገለብጠዋል። ችግሩ ከጋራው ላይ መውሰድ መሆኑ ቀርቶ በጋራው ላይ መጣል ይሆናል፤ ፍሳሽ በውሃ ላይ፣ ጭስ በአየር ላይ። ቆሻሻን ከማጣራት መጣል ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚቀለው ሁሉም ይጥላል። መስክ ሊታጠርና ባለቤት ሊበጅለት ይችላል፤ ውሃና አየር ግን በቀላሉ አይታጠሩም። እንግዲህ የሚቀረው፣ በሃርዲን ፍርድ፣ አስገዳጅ ሕግ ወይም ግብር ብቻ ነው። ይህ መጣጥፍ የሚሟገተው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። ማስረጃው የሚመጣው ሃርዲንም ተቺዎቹም ካልፈለጉበት ቦታ ነው፤ ኤላ ከሚባሉት ከቦረና ጥልቅ ጉድጓዶችና በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ለሁለት ከተከፈለችው ሞያሌ።

የግጦሹ ክርክር እዚህ ሊያቆየን አይገባም፤ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው የጋራ ሀብትን ለዘመናት ጠብቀው እንዳቆዩ በበርካታ አገሮች ምሳሌ አሳይታለች፤ በ2009ም የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷታል። ሃርዲንም በ1994 የተናገረው ጥፋት አስተዳዳሪ በሌለው የጋራ ሀብት ላይ የሚደርስ መሆኑን በመግለጽ አቋሙን አጥብቧል። ስለ ብክለቱ ግማሽ ግን ዝምታው እንደቀጠለ ነው። ከዚህም የሚያስገርመው የኦስትሮም አካሄድ ነው። በዚያው መጽሐፍ መግቢያ አካባቢ የጥናቷን ወሰን ስታሰምር፣ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ጉዳት የሚያደርስባቸውን ሚዛናቸውን ያልጠበቁ የብክለት ችግሮች ሆን ብላ ወደ ጎን አድርጋቸዋለች። ምርምር ወሰን ስለሚያስፈልገው በዚህ አትወቀስም። የሚወቀሱት ከእሷ በኋላ የመጡት ናቸው፤ መጽሐፏን ለሃርዲን እንደ ሙሉ መልስ ሲጠቅሱ የተዘለለውን ክፍል አብረው ዘለሉት። በዚህ የተነሳ የግጦሹ ሃርዲን በየትምህርት ክፍሉ ሲነቀፍ፣ የብክለቱ ሃርዲን በየአገሩ የአካባቢ ሕግ ውስጥ ተቀናቃኝ ሳይነሣበት ይኖራል።

ከፍርዱ በታች አንድ ግምት አለ፤ እሱን ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም። ሃርዲን ብክለትን ከሕዝብ ጥግግት ጋር ያያይዘዋል። ሰው በሳሳበት አገር ቆሻሻ መጣል ጉዳት እንደማያመጣና ተፈጥሮ ራሷ እንደምታጣራው፣ ሰው ሲበዛ ግን ይህ ማጣሪያ እንደማይችል ይናገራል። ይህ ለወንዝ ዳር አገር ይሠራ ይሆናል። ቋሚ ወንዝ ለሌለው ለሞያሌ ዙሪያ ግን ፍጹም አይሠራም። በቦረና ምድር በካሬ ኪሎ ሜትር የሚኖረው ሰው ጥቂት ነው፤ በበጋ ግን ያ ሁሉ ሰውና ያ ሁሉ ከብት በጥቂት የውሃ ቦታዎች ላይ ይከማቻል። በደረቅ አገር ጥግግት የሚቆጠረው በውሃው አፍ ላይ እንጂ በመሬቱ ስፋት አይደለም። በዚህ ሚዛን የቦረና ጉድጓድ ዙሪያ በበጋ ቀን ከብዙ ከተሞች ይልቅ የተጨናነቀ ነው። ስለዚህ የሃርዲን መነሻ እውነት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ጉድጓዶች ገና ድሮ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ መሆን ነበረባቸው። አልሆኑም፤ ያልሆኑበትም ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል።

ስለ ጉድጓዶቹ በዝርዝር የጻፈው ኖርዌያዊው አንትሮፖሎጂስት ዮሃን ሄላንድ ነው፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1980 በኢልካ፣ ማለትም ለአፍሪካ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ታትሟል። ሌይን ኮፖክም በ1994 ስለ ቦረና ደጋማ ሜዳ ባወጣው ሰፊ ሥራ ተመልሶበታል። ሁለቱም የሚጠይቁት ውሃው ለማን፣ መቼ፣ በማን ጉልበት ይደርሳል የሚለውን ነው። የሰበሰቡት ማስረጃ ግን ከጥያቄያቸው ይሰፋል። ዱቡሉቅን ጨምሮ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ከብቱ ወደ ውሃው አይደርስም፤ በተቆፈረ ቁልቁለት ወርዶ ከጭቃ በተሠራ ገንዳ ይጠጣል። ውሃውን ከታች የሚያወጡት ሰዎች በመሰላል ላይ ተደራርበው በዜማ እየተቀባበሉ ነው፤ መጀመሪያ በአንድ ማጠራቀሚያ ይፈስሳል፣ ከዚያ ወደ ገንዳው ይወርዳል። የዕለቱን ተራ አባ ሄረጋ ይቆጣጠራል፤ ጉድጓዱን የቆፈረው ወገን ደግሞ በአባ ኮንፊ ይወከላል። ከብት በበጋ በየሦስት ቀኑ ተራ ይይዛል፤ ተራው ያልደረሰው መንጋ ራቅ ብሎ ይጠብቃል። ጥገናና ጥፋት በጉድጓዱ ሸንጎ ይታያል። ሄላንድ ይህን የጉልበትና የሥልጣን አደረጃጀት አድርጎ ያነበዋል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ደንብ አንድ ሌላ ሥራም አብሮ ይሠራል፦ ኩበትና ሽንትን ከውሃው አፍ ያርቃል። ቁልቁለቱ ሰኮናን፣ ገንዳው አፍን፣ ተራው ግርግርን ከምንጩ ይለያል። ውሃው አልታጠረም፤ የታጠረው ሰውና ከብት በውሃው አጠገብ የሚቆሙበት ቦታና ጊዜ ነው። ሃርዲን ከአጥርና ከአስገዳጅ ሕግ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አልታየውም፤ መንገዱ ግን እዚህ ሲሠራበት ኖሯል።

የተቃራኒው ምሳሌ ከዚያው ምድር መገኘቱ ክርክሩን ያጠናክረዋል። የደቡብ የግጦሽ መሬት ልማት ክፍል፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሶርዱ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በማሽን ኩሬዎች አስቆፈረ። ሕዝቡ ያው፣ ከብቱም ያው ነው። የተለወጠው የውሃው ቅርጽና ጠባቂው ነው። ክፍት ኩሬ ውስጥ ከብት ገብቶ ይጠጣል፣ እዚያው ይሸናል፣ ጭቃውን ያደፈርሳል፤ ከዚያው ኩሬ ሴቶች ጀሪካን ይሞላሉ። ኩሬዎቹን የነቀፉ ጥናቶች አሉ፤ በአብዛኛው የሚነቅፉት ግን ውሃው ስለተበከለ ሳይሆን በዙሪያቸው ሣር ስላለቀ ነው። ግጦሹ ብክለቱን እንደገና ሸፈነው። በዲፕሎማሲውም ቢሆን ያው ነው። ብሪታንያና ኢትዮጵያ በ1907 እ.ኤ.አ. ድንበሩን ሲዋዋሉ በሁለቱም በኩል ያሉ ጎሳዎች የወዲያ ማዶውን ግጦሽና ጉድጓድ እንዲጠቀሙ ፈቅደዋል፤ የጉድጓዱን ንጽሕና የሚነካ ቃል ግን አላስገቡም። ዛሬ ሞያሌ ውስጥ ሁለት መንግሥታት፣ ሁለት የውሃ ጽሕፈት ቤቶችና ሁለት የጤና ሥርዓቶች ጎን ለጎን አሉ። አተትን (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከትን) ግን የጉምሩክ ኬላ አያግደውም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በኢትዮጵያ በኩል ወረርሽኙ መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ ሞያሌ ነበረች፣ በኬንያም ኮሌራ ከዓመት በፊት ጀምሮ እየተዛመተ ነበር።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ ቦረናዎች ይህን የሠሩት ለንጽሕና ሳይሆን ለሥርዓት ነው የሚል ነው። ይሁን፤ ጀርም ለማያውቅ ሰውም ቢሆን ደንቡ ጀርምን ያርቃል፣ የደንብ ውጤት ደግሞ በአውጪው ሐሳብ አይለካም። ሁለተኛው፣ በዘመናዊ መመዘኛ እነዚህ ጉድጓዶች ያልተጠበቁ ተብለው ይመደባሉ፣ ሰዎችም ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ይሠራሉ የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ኤላው ፍጹም ነው ያለ ግን የለም። የተባለው ከክፍት ኩሬ እንደሚሻልና የሚሻልበትም ምክንያት አቋቋሙ መሆኑ ነው። መመዘኛዎቹ ራሳቸውም ሲመረመሩ ከቦረና ደንብ ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በአደጋ ጊዜ የሚሠራበት የስፊር መስፈርት መጸዳጃ ቤት ከከርሰ ምድር ውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ሲል የሚደነግገው ስለ ቦታ ነው፣ ስለ መድኃኒት አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ ምንጮችን በሲሚንቶ አስከልለው በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በምንጩ ላይ የሰገራ ብክለት በ66 በመቶ ሲቀንስ በየቤቱ ባለው ውሃ ላይ የቀነሰው በ24 በመቶ ብቻ ነበር። ውሃው በመንገድና በቤት ውስጥ እንደገና ይበከላል ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ምንጩን መጠበቅ ከንቱ ነው፣ ሁሉም በየቤቱ ያክም የሚል ይኖራል። የቁጥሩ ትርጉም ግን ሌላ ነው፤ ደንቡ ከምንጩ ጫፍ ላይ እንዲቆም ተደርጓል ማለት ነው። በቤት ውስጥም ነገሩ የመለየት ጉዳይ ነው። አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ጣሳ ከነእጅ ሲገባ የሚሆነው ከብት ኩሬ ውስጥ ሲገባ ከሚሆነው አይለይም፤ ጠባብ አፍ ያለው ክዳናም ጀሪካን ወይም ቧንቧ የተገጠመለት ማስቀመጫ እጅን ከውሃ ያርቃል። ክሎሪን የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ውሃ አጋር፣ በኬንያ ዋተርጋርድ እየተባለ የሚሸጠው ፈሳሽ በጠራ ውሃ ላይ በትንሽ መጠን ይሠራል፤ በደፈረሰ ውሃ ላይ ግን ጭቃው ራሱ ክሎሪኑን ስለሚበላው መጠኑ እጥፍ ይሆናል። እንደ ኦዳ ባለ የሞያሌ ዙሪያ ሰፈር ኩሬውን በእሾህ አጥሮ ከብቱን በገንዳ ማጠጣት ውሃው ከጠራ በየቤቱ የሚወጣውን የክሎሪን ወጪ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ውሃውን በነጠላ አጥልሎ ወይም አሳድሮ አጥርቶ መቅዳትም ከዚሁ ወገን ነው። ማፍላት ይረዳል፤ ማገዶ ስለሚበላ ግን ችግሩን ከውሃ ወደ አየር ያሻግረዋል።

አየር ላይ የሃርዲን ክርክር ይበልጥ የማይበገር ይመስላል፤ ጭስን ማን ያጥራል? ማስረጃው ግን እዚህም ወደ ቦታ ይጠቁማል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የሚነሣ ጭስ በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደገደለ ይገምታል። መልሱ የተሻሻለ ምድጃ ነው ሲባል ቆይቷል። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ትልቅ ሙከራ ውጤቱ «ላንሴት» ላይ ሲወጣ ግን ንጹሕ የሚነድ ምድጃ የተሰጣቸው ቤቶች ሕፃናት የሳንባ ምች አልቀነሰላቸውም። አጥኚዎቹ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ቆሻሻ ማቃጠልን የመሰሉ ሌሎች የጭስ ምንጮች በዙሪያቸው መኖራቸው ነው። አንድ ቤት ምድጃውን ቢለውጥ ጎረቤቱ ፌስታል ደጃፍ ላይ ካቃጠለ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ማእድ ቤትን ከመኝታ መለየት፣ በደረቅ ማገዶ ነፋስ በሚያልፍበት ማብሰል፣ ቆሻሻን ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል አንድ ቦታ ማከማቸት የአንድ ቤት ሳይሆን የሰፈር ደንብ ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ የሃርዲን ወገኖች የኬንያን የፌስታል ክልከላ ያነሣሉ። ከነሐሴ 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው ይህ እገዳ እስከ አራት ዓመት እስር ወይም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ያስቀጣል፤ አስገዳጅ ሕግ ነው፣ ለውጥም አምጥቷል። የኢትዮጵያ መንገድ ዘግይቷል፤ ዐዋጅ ቁጥር 513/1999 የከለከለው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ብቻ ነበር፤ ሙሉው ክልከላ በሕግ የጸደቀው በራሷ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ነው፣ በቁጥር ከኬንያው ጋር ገጥሞ በዘመን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ሞያሌ ውስጥ አንድ ፌስታል መንገድ ሲሻገር ከሸቀጥነት ወደ ወንጀልነት ይለወጥ ነበር። ሕግ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ወሰኑ የካርታ ወሰን ነው፤ የኤላው ደንብ ግን ወሰኑ የተጠቃሚዎቹ ክበብ ስለሆነ ኬንያዊውንም ኢትዮጵያዊውንም እኩል ያዘዋል።

ይህ ሁሉ ለሁሉም ብክለት ይሠራል ማለት አይደለም፤ የመጣጥፉ ማስረጃም ከአንድ አካባቢ የተወሰደ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የኤላው ደንብ የሚጸናው የሚበክለውና የሚጠጣው አንድ ሰው ስለሆነ ነው፤ ከብቱ ውሃውን ያበላሸበት ሰው ነገ ከዚያው ውሃ ይጠጣል፣ ባይጠጣ እንኳ ተራውን ሊያጣ ይችላል። በአዲስ አበባው የአቃቂ ወንዝ ላይ ግን ፋብሪካው ከላይ ነው፣ ገበሬው ከታች። እዚያ ኦስትሮም ወደ ጎን ያደረገችው ዓይነት ብክለት አለ፤ የብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995ም እንደ ሃርዲን ምክር በግዴታና በቅጣት ላይ የቆመ ነው። በሞያሌ ዙሪያ ጥያቄው የሚቀለው ያ ርቀት ስለሌለ ነው። ይሁንና አዳዲሶቹ ጥልቅ የቦኖ ጉድጓዶች በጄኔሬተር ሲሠሩ ሠራተኛው የሚቆጥረው የተሸጠ ጀሪካን ነው፤ ገንዳው የት ይቀመጥ፣ መንጋው ምን ያህል ይራቅ የሚለውን የሚወስን አባ ሄረጋ በውሃ ኮሚቴው ውስጥ ቦታ ሲሰጠው እምብዛም አይታይም።